ዝክረ ልዕልት አሊስ፤ አያትና አስታማሚ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የጢሞቴዎስ እምነት ከማን እንደ ወረደ ሲናገር አስቀድሞ የጠራው አያቱን ሎይድን ነው (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። ሎይድ በሕይወቷ ዘመን ምን እንደ ሠራች መጽሐፍ ዘርዝሮ አልነገረንም፤ ስሟና እምነቷ ብቻ ቀርተውልናል። ዛሬ የምናስባቸው አያት ግን ሥራቸው በብዙ ምስክር የታወቀ ነው። እኒህም ልዕልት አሊስ ዘባተንበርግ ናቸው፤ የግሪኩ ልዑል እንድርያስ ባለቤት፥ የእንግሊዙ ልዑል ፊሊፕ እናት፥ በ2022 የነገሡት የንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ አያት። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ልዕልቲቱ በ1928 የተቀበሉት የግሪክ ኦርቶዶክስ ሃይማኖት በ451 ከተደረገው ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ በምሥጢረ ተዋሕዶ ከእኛ የተለየ መሆኑን አልዘነጋነውም። ነገር ግን ጌታችን ለሕግ ዐዋቂው ምሳሌ አድርጎ የሰጠው ሳምራዊውን ነው፤ ቁስለኛውን አይተው ያለፉት ካህኑና ሌዋዊው ነበሩ። ይህን ክፍል እኛ ካህናት በወንበራችን ላይ ሆነን ለሌላው እንተረጕመዋለን፤ ለራሳችን ግን የምናነብበው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

ልዕልት አሊስ በ1885 በዊንድሶር ግንብ ሲወለዱ ጆሯቸው አይሰማም ነበር። የሰውን ከንፈር እየተመለከቱ ቃሉን ማንበብ በልጅነታቸው ተማሩ፤ ይህንንም በአንድ ቋንቋ ብቻ ሳይሆን በብዙ ቋንቋ አወቁት። በ1903 አግብተው አራት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። የባልካን ጦርነት በ1912 በተነሣ ጊዜ በቤተ መንግሥት አልተቀመጡም፤ ወደ ጦር ሜዳ ወርደው የቁስለኞች ማረፊያ አቋቋሙ፥ ሐኪሞች ሲቀድዱ በአጠገባቸው ቆመው ረዱ፥ ደምና መግል የነካውን ጨርቅ በእጃቸው ለወጡ። ስለዚህም በ1913 ንጉሥ ጊዮርጊስ ኀምሳዊ የቀይ መስቀል ንጉሣዊ ኒሻን ሰጧቸው። ይህ ለእኛም እንግዳ ታሪክ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በሎንዶን በሕፃናት ሆስፒታል የነርስነትን ሞያ ተምረው፥ ወደ ሀገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1942 በወጣትነታቸው ማረፋቸውን ሽማግሎቻችን ያስታውሱታል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ታሪክ ጸሓፊዎች አንዳንድ ጊዜ በፍጥነት ያልፉታል፤ እኛ ግን ልንቈይበት እንወዳለን። ልዕልቲቱ ከቤተ ሰባቸው ጋር ከግሪክ ተሰደው በፈረንሳይ ሲኖሩ አእምሯቸው ታወከ። በ1930 ያለ ፈቃዳቸው በስዊስ ሀገር ወዳለ የሕሙማነ አእምሮ ማረፊያ ተወሰዱ። ቤታቸው ተበተነ፤ ታናሹ ልጃቸው ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ገና አልሞላውም ነበር። ከማረፊያው ከወጡ በኋላም ለዓመታት ከቤተ ሰባቸው ርቀው ብቻቸውን ተንከራተቱ። በ1937 ደግሞ አንዲቱ ሴት ልጃቸው፥ ከባልዋና ከሁለት ወንዶች ልጆቿ ጋር፥ በቤልጅግ ሀገር በአውሮፕላን አደጋ ሞተች። በቤት የቀረችው ሕፃን የልጅ ልጅም በ1939 ታማ ተከተለቻቸው። ልጅን መቅበር ከባድ ነው፤ ልጅን ከነልጆቿ መቅበር ምን እንደሚመስል የደረሰበት ብቻ ያውቀዋል።

አእምሮው ታውኮ የዳነ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እኛ ካህናት እንዴት እንደምንቀበለው እናውቃለን። ጠበል እናጠምቀዋለን፥ እንጸልይለታለን፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን አገልግሎት ሲጠይቀን፥ ድኻ እንዲያበላ ወይም ሕፃናትን እንዲጠብቅ ሲለምነን፥ «ይህ ሰው ታሞ ነበር» እያልን እንደ ፈረሰ ቤት የቈጠርንበት ጊዜ አለ። ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ በደሉ የራሳችን ነው።

ልዕልት አሊስ ከልጃቸው ቀብር በኋላ በ1938 ወደ አቴና ተመለሱ። በ1941 ጀርመኖች ሀገሪቱን በያዙ ጊዜ በዚያው ቀሩ። በዚያ ክረምት በከተማይቱ ጽኑ ረኃብ ሆነ። እርሳቸውም ከቀይ መስቀል ጋር ለተራቡት ሾርባ የሚታደልበትን ቤት አደራጁ፤ ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት ማረፊያ ከፈቱ፤ አስታማሚዎች በድኾች ሰፈር እየዞሩ በሽተኛን እንዲጐበኙ አደረጉ። እኅታቸውን ለመጠየቅ ነው ብለው ወደ ስዊድን ሄደው መድኃኒት ይዘው ተመለሱ። ልጃቸው በእንግሊዝ ባሕር ኃይል፥ አማቾቻቸው ደግሞ በጀርመን ወገን ተሰልፈው ነበር። አንድ የጀርመን ጄኔራል ሊጠይቃቸው መጥቶ፥ ምን ላድርግልዎ ቢላቸው፥ ወታደሮችህን ከሀገሬ አውጣልኝ ብለው እንደ መለሱለት ይነገራል።

በ1943 የአቴና አይሁድ ሊታደኑ በጀመሩ ጊዜ አንዲት አይሁዳዊት መበለት ከልጆቿ ጋር በቤታቸው ሸሸጉ። የመበለቲቱ ባል በሕይወቱ ሳለ ለግሪክ ንጉሥ ውለታ የዋለ ሰው ነበር። ጌስታፖ የተባለው የጀርመን ምሥጢራዊ ፖሊስ መጥቶ ሲመረምራቸው፥ ልዕልቲቱ አልሰማሁም፥ የምትሉት አልገባኝም እያሉ መርማሪዎቹን አሰለቿቸው። ከንፈር ማንበብ የሚችሉት ሴት በዚያ ቀን ማንበብን ተዉ። ከልደት ጀምሮ ጉድለት ሲባል የኖረው ደዌ ያን ጊዜ የብዙ ነፍስ መሸሸጊያ ሆነ። ከተማይቱ በ1944 ነጻ እስክትወጣ ድረስ የተሸሸጉት አልተገኙም።

ልዕልቲቱ በ1949 በማርታና በማርያም ስም ሕሙማንን የሚያገለግል የእኅትማማች ማኅበር መሠረቱ። አብነት የሆኗቸው አክስታቸው ልዕልት ኤልሳቤጥ ነበሩ፤ እኒያም በሞስኮ በዚያው ስም ገዳም አቋቁመው በ1918 የተገደሉ ናቸው። የአሊስ ማኅበር ግን አልጸናም። ገንዘብ ለመለመን ሁለት ጊዜ ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ሆኖም ለአገልግሎቱ የሚበቁ ሴቶች በበቂ ሳይገኙ ቀሩና ሥራው ቆመ። እንዲሁም የመነኵሲት ልብስ ለብሰው ትምባሆ ያጤሱ ነበር፤ በዚህም እናታቸው እንኳ ይደነቁባቸው ነበር። ይህን አናመሰግነውም፤ ሆኖም የሰውን ዝክር ስንጽፍ ነውሩን ብንሰውር ምስጋናችንም አይታመንም።

በ1953 የምራታቸው የንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ ሲጫን፥ በወርቅና በዕንቍ ባጌጡት መካከል በዚያው ግራጫ የመነኵሲት ልብሳቸው ሄዱ። በ1967 ግሪክን ለቀው ወደ ልጃቸው ቤት ገቡ፤ በታኅሣሥ 5 ቀን 1969 በዚያ ዐረፉ። ያላቸውን አስቀድመው ለድኾች ሰጥተው ስለ ነበር የተረፈ ሀብት አልነበራቸውም።

በሕይወት ሳሉ፥ በኢየሩሳሌም በደብረ ዘይት፥ በአክስታቸው አጠገብ መቀበርን ተመኝተው ነበር። ልጃቸው፥ መቃብርሽን ለመሳለም ሩቅ ይሆንብናል ብላ ብታዝን፥ አውቶቡስ አለ ብለው በጨዋታ መለሱላት ይባላል። ፈቃዳቸው የተፈጸመው በ1988 ነው፤ ዐፅማቸው ከዊንድሶር ፈልሶ በጌቴሴማኒ በቅድስት ማርያም መግደላዊት ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ። አይሁድን ስለ ማዳናቸው በ1993 ከአሕዛብ ጻድቃን ጋር ተቈጠሩ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ልጃቸው ልዑል ፊሊፕ ለዚሁ ክብር ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው፥ እናቴ ይህን ልዩ ሥራ ነው ብላ ያሰበች አይመስለኝም የሚል ቃል ተናገሩ። የልጅ ልጃቸውም ቻርልስ በ2016 መቃብራቸውን ጐበኙ።

ከእኛም ወገን ለመሳለም ወደ ቅድስት ሀገር የሚወርድ፥ የእመቤታችንን መቃብር ተሳልሞ ወደ ደብረ ዘይት ሲወጣ፥ ቤተ ክርስቲያኒቱን በወርቅ ጕልላቶቿ ያገኛታል።