የማክሰኞ ማታ አገልግል

በላሊበላ ከተማ አንዲት ደግ እናት ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ድግስ ደገሱ። የሕፃኑ አርባ ቀን ማክሰኞ ላይ ውሎ ነበርና በጉ ታረደ፣ ዶሮው ተሠራ፣ ጠላው ተጠመቀ። ዘመድ ጎረቤቱ በልቶ፣ ጠጥቶና መርቆ ሲነሣ ሌማቱም ድስቱም ገና ሙሉ ነበር። እኚህ እናት ምግብ ሲባክን ማየት አይወዱምና ድግሱን ሲያግዙ የዋሉ ሁለት ወጣቶችን ጠርተው፣ «ልጆቼ፣ በነአኩቶ ለአብ በኩል ያሉት አረጋውያንና የቆሎ ተማሪዎች ዛሬ ምን ቀምሰው ይሆን? ይህን አድርሱልኝ» አሏቸው።

ነአኩቶ ለአብ ከከተማው በስተደቡብ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወርደው መንገድ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የንጉሥ ላሊበላ የወንድም ልጅ እንደሆነ የሚነገርለት የዛግዌ ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ በዋሻ ውስጥ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው።

አንደኛው ወጣት በቅሎ ነበረው። ልበ ሰፊ ነውና፣ «እንዲህ ያለ በረከትማ በቁንጽል አይወሰድም። ሁሉም ተጠራርጎ ይጫንና ሲነጋ አደርሰዋለሁ» አለ። ሁለተኛው ያለው አንድ አሮጌ ብስክሌት ነው፤ ከኋላው ከአንድ አገልግል በላይ አይጭንም። «እኔ የቻለችውን ይዤ አሁኑኑ ልውረድ» ብሎ ትኩሱን እንጀራና ወጥ በአገልግሉ ሞላ። በገመድ ጠፍሮ አሰረው፤ ባትሪውን ከእጀታው ጋር አያይዞ ፍሬን እየያዘ ቁልቁለቱን ተያያዘው።

ሲደርስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል። አንዲት እማሆይ በር ከፈቱለት። ተማሪዎቹ ተጠሩ፣ አገልግሉ ተከፈተ፣ ተባርኮም ተቆረሰ። እስኪጠግብ የበላ አልነበረም፤ ጦሙን ያደረም አልነበረም። ወጣቱ ባዶውን አገልግል አስሮ፣ ብስክሌቱን እየገፋ በዳገቱ ተመለሰ።

በማግሥቱ ማለዳ ባለ በቅሎው ከነሙሉ ጭነቱ ደረሰ። አራግፎ ሲከፍተው የዶሮው ወጥ ሽታ ግቢውን ሞላው፤ ግን አንድም እጅ አልተዘረጋም። ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ጾም። ወጣቱ ስለ ጭነቱ ሲጨነቅ ቀኑን ዘንግቶት ነበር። እንጀራውም ከወጡ ጋር አብሮ ተጭኖ በመንገድ ተለውሷልና ለብቻው ተነሥቶ የሚበላ አልተገኘም። ሐሙስ እስኪደርስ ደግሞ ወጡ ይበላሻል፣ እንጀራው ይሻግታል።

ወጣቱ አዘነ። «እማሆይ፣ ይህን ሁሉ ተሸክሜ መጥቼ ምን አጎደልሁ?» ብሎ ጠየቀ።

«ምግቡስ ምንም አልጎደለው ልጄ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ያለፈው ሌሊቱ ነው» አሉት። ከዚያም ወደ ዋሻው ይዘውት ገቡ። ከዋሻው ጣሪያ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከሥሩ ያሉት የድንጋይ ገንዳዎች ይቀበሉታል፤ ምእመናን ጸበል ብለው የሚወስዱት ያንን ነው። «ውኃው ምንጊዜም ይወርዳል» አሉ እማሆይ፤ «ለበሽተኛው የሚደርሰው ግን ገንዳው ጠብታው በሚወድቅበት ስፍራ ስለሚጠብቀው ነው። አለዚያ መሬት ይጠጣዋል።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱ ወጣቶች ሥራውን ተከፋፈሉ። የፍስኩን ምግብ ብስክሌቱ በዕለቱ ማታ ይወስዳል፤ ዳቦውን፣ ቆሎውንና ለብቻ የተቀመጠውን የጾም ወጥ በቅሎዋ በማግሥቱ ታደርሳለች።

የምሳሌው ፍቺ ይህ ነው፦ የተረፈ ምግብ ባለቤቱ «ውሰዱት» ስላለ ብቻ የተራበውን አይደግፍም። የሚደግፈው በተራበው ሰው ሰዓት፣ እሱ ሊበላው በሚችልበት ሁኔታ እጁ ሲገባ ነው። ባለ በቅሎው ከባለ ብስክሌቱ ያነሰ ደግነት አልነበረውም። የለካው ግን የጭነቱን ብዛት ነው፤ ባለ ብስክሌቱ የለካው የተራበውን ሰው ሌሊት ነው።

ይህ አገር መስጠት አልተሳነውም። ለገና ከሩቅ በእግሩ ተጉዞ ላሊበላ የሚደርሰውን ምእመን የከተማው ሰው እግሩን አጥቦ፣ አብልቶ ያሳድረዋል። ሰንበቴው፣ ማኅበሩና ዝክሩ ደሃ እንዲታሰብበት የተሠራ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሠርጉንና ልደቱን በመቄዶንያ የመርጃ ማዕከል ከአረጋውያንና ከሕሙማን ጋር የሚያከብር ብዙ ነው። ያነሰን፣ በድግሱ ቤትና በተራበው ቤት መካከል ያለውን መንገድ ሥራዬ ብሎ የሚይዝ ሰው ነው። ያ መንገድ ሲቋረጥ ምን እንደሚመጣ ወሎ ያውቀዋል። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ እህል ወደብ ላይ ተከምሮ ሳለ በተራራው ላይ ያለው ሰው ያልቅ ነበር፤ መኪና ለማይደርስባቸው ደጋዎች እህል ከአውሮፕላን እስከ መጣል ተደርሷል።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ በየቤቱ፣ በየምግብ ቤቱና በየሱቁ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ እንደ ባከነ ገምቷል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ቦልደር በምትባለው ከተማ ደግሞ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ከመደብሮች የተረፈውን አትክልትና ፍራፍሬ በብስክሌት በሚጎተት ጋሪ ጭነው፣ መጋዘን ሳያስገቡ በቀጥታ ለችግረኞች ያደርሳሉ። ሥራው ፔዳል የሚመታ እግርና ሰዓቱን የሚያከብር ሰው እንጂ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ብስክሌት መለያዋ በሆነው በባሕር ዳር ይህ ነገ ሊጀመር ይችላል፤ በላሊበላም ቁልቁለቱ ጭነቱን ያወርዳል፣ ዳገቱን ባዶ አገልግል ይዞ መመለስ ነው።

እንግዲህ ድንኳን ሲተከል ምግቡን የሚያደርስ አንድ ወጣትም አብሮ ይመደብ። ንጹሕ፣ ክዳን ያለው ዕቃ ይዘጋጅለት። የጾሙ ከፍስኩ፣ እንጀራው ከወጡ ይለይ። የደሃው ድርሻ እንግዳው ከመበተኑ በፊት፣ ገና ትኩስ ሳለ ይነሣ። ብዙ ለመስጠት ነገን ከምንጠብቅ ጥቂቱን ዛሬ ማታ እናድርስ፤ የራበው ሰው ሌሊቱን የሚያድረው ዛሬ ነውና።