የሞተን ሰው ልብስ ለብሶ ስለ መናገር

ሰው ያልኖረበትን ዘመን ልብስ ለብሶ፥ ያልሆነውን ሰው ሆኖ፥ በአደባባይ ቢናገር ዋሸ ይባላልን? ወይስ አስተማረ ይባላል? ይህን ጥያቄ በቅርቡ በደብዳቤ የጠየቀኝ ከቅኔ ደቀ መዛሙርቴ አንዱ ነው፤ እርሱም ዛሬ በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት ይኖራል። መልሱን ለእርሱ ብቻ ከምጽፍ ይልቅ ብዙ ሰው ቢመረምረው ይሻላል ብዬ በዚህ ገጽ አወጣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እርሱ የሚኖርበት ከተማ አሌክሳንድሪያ ይባላል። ስሙ የግብጿን እስክንድርያ ይመስላል እንጂ፥ የተሰየመው በዚያ መሬት በነበራቸው አሌክሳንደር በሚባሉ ቤተ ሰቦች ነው። ከተማው የተቆረቆረው በ1749 ዓመት ነው፤ ስለ አሜሪካ የማወሳው ዓመት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ። በዚያም ታሪክ የሚወዱ ሰዎች የጥንቱን ባርኔጣና ካባ ለብሰው፥ እንግዶችን በየመንገዱ እየመሩ፥ ያለፈውን ዘመን ያስረዳሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ይህን የሚያደርጉት ያለ ደመወዝ፥ ከዕረፍታቸው ሰዓት ቀንሰው በፈቃዳቸው ነው። ደቀ መዝሙሬንም ከእኛ ጋራ አገልግል ብለው ለመኑት፤ ደስም አለው። ነገር ግን ልብስ ወደ መምረጥ በደረሰ ጊዜ ልቡ ታወከና እንዲህ ሲል ጻፈልኝ።

«የኔታ፥ የጌታውን ካባ ብለብስ፥ በዚያ ዘመን የእኔን መልክ የመሰለ ሰው በዚያ ቤት በጌትነት አልተቀመጠምና እዋሻለሁ። የባሪያውን እጀ ጠባብ ብለብስ፥ የእኔ አባት በዚህ አገር አልተሸጠም፤ ያልቆሰልሁትን ቁስል እንዴት አሳያለሁ? ወይስ ነገሩን ከነጭራሹ ልተወው?»

ጭንቀቱ ከንቱ አይደለም። በዚያ ከተማ ጆን ጋድስቢ የሚባል ሰው ከ1796 ጀምሮ ያስተዳድረው የነበረ የእንግዳ ማረፊያ እስከ ዛሬ ቆሞ ይጎበኛል። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1798ና በ1799 የልደቱ በዓል በጭፈራ ሲከበርለት በዚያ ቤት ተገኝቷል። ነገር ግን ጋድስቢ ባሮች ነበሩት፤ በቤቱም ለእንግዶች የሚደክሙት እነርሱ ነበሩ። ከዚያ በእግር በማያርቅ ስፍራ ደግሞ ፍራንክሊንና አርምፊልድ የሚባሉ ሁለት ነጋዴዎች በ1828 የባሪያ ንግድ ቤት ከፍተው፥ በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎችን በመርከብና በእግር ወደ ደቡብ አገሮች ልከው ሸጡ። ይህም ቤት ዛሬ የታሪክ ማሳያ ሆኗል፤ በ2020 የከተማው አስተዳደር ገዝቶታል። እንግዲህ በዚያ መንገድ ላይ የሚቆም ሰው የሚለብሰው ልብስ ሁሉ አንድ ነገር ይናገራል።

አስቀድመን ልብሱ ራሱ ሐሰት መሆኑንና አለመሆኑን እንመርምር። ዲያቆን በቅዳሴ ጊዜ የሐዋርያውን የጳውሎስን መልእክት ሲያነብ «እኔ» የሚለውን ቃል በአፉ ይናገራል፤ ነገር ግን ዲያቆኑ ራሱን ሐዋርያ አደረገ ብሎ የሚከሰው የለም፤ የማን መልእክት እንደ ሆነ አስቀድሞ ተናግሯልና። ያዕቆብ ግን የወንድሙን የዔሳውን ልብስ ለብሶ ዓይኑ በፈዘዘ አባቱ ፊት በቀረበ ጊዜ ልብሱ ማታለያ ሆነ፤ አባቱ የለበሰው ማን እንደ ሆነ አላወቀምና። ስለዚህ ሐሰት የሚገኘው ልብሱን በመልበስ ሳይሆን ለባሹን በመሸሸግ ነው። «እኔ እገሌ ነኝ፤ የማሳያችሁም የእገሌን ኑሮ ነው» ብሎ የሚጀምር ሰው አልዋሸም።

ነገር ግን ይህ ብቻ አይበቃም። ጀማሪ የቅኔ ተማሪ ያማረ ሰም ባገኘ ጊዜ በሰሙ ደስ ይለውና ወርቁን ይረሳል፤ መምህሩም «ወርቁ የት አለ?» ብሎ ይመልሰዋል። ያለፈ ዘመን ልብስም እንዲሁ ነው። ባርኔጣውና ካባው ዓይን ይስባል፤ እንግዳውም ካባ አይቶ፥ ሰው ሳያይ ይመለሳል። ደግሞም ሁሉ የጌታ ልብስ ይመርጣል። አሥር ሰዎች አሥር ጌቶች ሆነው ቢቆሙ እያንዳንዱ የሚናገረው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በአንድነት የሚያሳዩት ከተማ ምግብ ያበሰለ፥ ውኃ የቀዳ፥ እንጨት የፈለጠ ሰው የሌለበት ከተማ ነው። እንዲህ ያለ ከተማ ከቶ አልነበረም።

ይህም ግምት አይደለም፤ በዚያው በቨርጂኒያ ግዛት በዊልያምስበርግ ታይቷል። አሜሪካ ከእንግሊዝ ለመለየት በተዋጋችበት ዘመን ዋዜማ ከዚያ ከተማ ነዋሪዎች ከግማሽ የሚበልጡት ጥቁሮች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ባሮች ነበሩ። ከ1926 ጀምሮ በባለጸጋው በሮክፌለር ገንዘብ የጥንቱ ቤቶች ታደሱ፤ የባሮቹን ኑሮ በጥቁር አስረጂዎች አፍ ማሳየት የተጀመረው ግን በ1979 ነው። በ1994 በጥቅምት ወር የባሪያ ጨረታ በአደባባይ በትርኢት በቀረበ ጊዜ ብዙዎች መከራ ለመዝናኛ አይሁን ብለው ተቃወሙ፤ ከተቃወሙትም አንዱ ትርኢቱን በዓይኑ ካየ በኋላ ሐሳቡን ለወጠ። እኔ ግን በሁለቱም ወገን እውነት አያለሁ። መከራን መሸሸግ ሙታንን ሁለተኛ መቅበር ነው፤ መከራንም ለጭብጨባ ማውጣት ሙታንን ሁለተኛ መሸጥ ነው።

ምናልባት አንድ ሰው «ይህ ምስኪን ጊዜውን በነጻ ሰጠ፤ ስለ ምን ይህን ሁሉ ሸክም ትጭኑበታላችሁ?» ይል ይሆናል። እኔ ግን የነጻ አገልጋይ ዕዳ ይበልጣል እላለሁ። ደመወዝተኛውን ቢሳሳት የሚገሥጸው አለቃ አለው፤ በፈቃዱ የሚያገለግለውን ግን ሰው ሁሉ ያመሰግነዋል እንጂ አይገሥጸውም። ሙታንም ተነሥተው «እኛ እንዲህ አላልንም» አይሉም። ስለዚህ ጠባቂው ሕሊናው ብቻ ነው። ሐሰተኛ ብር ለድኻ የመጸወተ ሰው በነጻ ሰጠሁ ብሎ ሊመካ አይችልም።

እንግዲህ ልጄ ሆይ፥ መልሴ ይህ ነው። የአሳላፊውን ልብስ ልበስ። ከንጋት በፊት ተነሥቶ እሳት እንዳነደደ፥ ሌሎቹ ሲጨፍሩ እርሱ ሳሕን ተሸክሞ እንደ ቆመ አስረዳ። ሥራውን «እኔ» ብለህ ተናገር፤ ሕመሙን ግን «እርሱ» ብለህ ተናገር፤ ሥራውን ልትማረው ትችላለህ፥ ሕመሙን ግን ልትበደረው አትችልም። በመጨረሻም ባርኔጣህን አውልቀህ ስምህንና አገርህን ንገራቸው።

ከዚህ በኋላ የሚከብደው ይመጣል። አባቴ በዚህ አገር አልተሸጠም ብለሃል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በአገራችንስ ሰው አልተሸጠምን? ባርነት በአገራችን ከሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓመተ ምሕረት በወጣው አዋጅ ነው፤ ይህም ሩቅ ዘመን አይደለም። ይህንንም በእንግዶቹ ፊት ተናገር። የሌላውን ቁስል ለብሶ የአባቶቹን ጅራፍ የሚሸሽግ ሰው ቃሉ ሁሉ ቢቃና እንኳ ሐሰተኛ ነው። ይህን ለመናገር ልብህ እንቢ ካለህ ልብሱን በተሰቀለበት ተወውና በራስህ ልብስ ምራቸው፤ ይህም ነውር የለበትም።

ይህን ጽፌ ከላክሁለት በኋላ ነገሩ ወደ ራሴ ተመለሰ። በልጅነቴ በአያቴ ቤት እህል የምትፈጭ አንዲት አሮጊት ነበረች። ሁላችንም እማማ እንላት ነበር፤ የአባቷን ስም ወይም የተወለደችበትን አገር የጠየቃት ግን ከመካከላችን አልነበረም። እንዴት ወደዚያ ቤት እንደ መጣች ለመገመት ያስቻለኝ ዕድሜ ሲመጣ እርሷ ሞታ ነበር። እኔስ የእርሷን ነጠላ ለብሼ በሰው ፊት ብቆም ምን እናገራለሁ? ሌሊት ከእንቅልፌ ሲያነቃኝ ከነበረው ከወፍጮው ድምፅ በቀር የማውቀው የለኝም። ስለዚህ እናንት አንባቢዎች፥ እንዲህ ያለ አሮጊት ወይም ሽማግሌ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ገና በሕይወት ካለ፥ የሰው ልብስ ለመልበስ ሳትቸኩሉ ዛሬ ሄዳችሁ ስሙን ከነአባቱ ጠይቁት።