መብራት ኃይል የማን ነው?

አባቴ የመብራት ኃይል ደጋፊ ነው። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ስድስት ኪሎ ነው ያደግኩት። ሰፈራችን ውስጥ ወይ ጊዮርጊስ ነህ፣ ወይ ቡና ነህ፤ ሦስተኛ ምርጫ ያለ አይመስልም። «መብራት ኃይል ደሞ ደጋፊ አለው እንዴ?» ይሉኛል። አለው። እኛ ቤት አንድ አለ።

አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመስመር ሠራተኛ ነበር። ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሽቦ የሚቀጥል ሰው። ፒያሳ፣ ደጎል አደባባይ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ጉዳይ ሲኖረው ልጅ ሆኜ ይዞኝ ይሄድ ነበር። በአፍንጮ በር ወርደን፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግረን፣ በእግራችን። መንገዱን ሙሉ የሚያወራኝ ስለ ኳስ ነው። የ1993 ዓ.ምን ቡድን አሰላለፍ እንደ ዳዊት ይደግመዋል።

ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ ቡና እየጠጣን ተከራከርን። «አባዬ፣ የሕዝብ ድርጅት የኳስ ቡድን ምን ያደርግለታል? ከአገሩ ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው እኮ መብራት የለውም። ይዘጋ!» አልኩት። ሲኒውን አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። ሁለት ቀን በቅጡ አላናገረኝም። ክርክሩን አሸንፌያለሁ ብዬ ነበር። ግን የአሸናፊ ስሜት አልተሰማኝም። ይህን የምጽፈው ያን ቀን ትክክል ነበርኩ ወይ የሚለውን ለራሴ ለመመለስ ነው።

እስቲ ከታሪኩ እንነሳ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም ነው። ክለቡ ስሙንም ደሞዙንም ያገኘው ከዚህ መሥሪያ ቤት ነው። በ1985 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። በ1990 ደገመ። በ1993 ሠለሰ፤ በዚያ ዓመት ዮርዳኖስ ዓባይ 24 ጎል አግብቶ ኮከብ ግብ አግቢ ተባለ። በዚህ መሀል መሥሪያ ቤቱ ራሱ ተለዋውጧል። በ1989 ኮርፖሬሽን ሆነ። በ2006 ደግሞ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ኃይል የሚያመነጨውና የሚያስተላልፈው፣ ሌላው ለደንበኛ የሚያከፋፍለውና ሂሳብ የሚሰበስበው። ክለቡም ኢትዮ ኤሌክትሪክ ተባለ። በ2010 ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ መውጣትና መውረድ ሆኗል።

መብራት ኃይል ብቻውን አይደለም። የኛ አገር ኳስ የቆየ ባሕርይ ነው። ንግድ ባንክ አለ፣ መድን አለ፣ የመከላከያው መቻል አለ። ድሮ ደግሞ ሙገር ሲሚንቶ ነበር፣ ሐረር ቢራ ነበር። በደርግ ዘመን ስፖርቱ በመሥሪያ ቤትና በፋብሪካ ዙሪያ እንዲደራጅ ሲደረግ ነገሩ ይበልጥ ጠነከረ። ዛሬም ቢሆን የ2016ን የሊግ ዋንጫ ንግድ ባንክ፣ የ2017ን መድን ነው የወሰዱት። ሁለቱም የመንግሥት ድርጅት ክለቦች ናቸው። ስለዚህ ጥያቄዬ ስለ አንድ የተዳከመ ቡድን ብቻ አይደለም፤ ስለ ሻምፒዮኖቹም ነው።

የራሴን ክርክር በደንብ ላስቀምጠው፤ ደካማ አድርጎ አስቀምጦ መጣል ቀላል ነውና። የሕዝብ ድርጅት የሕዝብ ነው ካልን፣ ባለቤቶቹ ውስጥ በኩራዝ የምታመሽ፣ በኩበት የምትጋግር አንዲት የገጠር እናት አለች። ስታዲየም ገብታ አታውቅም። ለአጥቂ ደሞዝ ክፈሉልኝ ብላ አልፈረመችም። የግል ኩባንያ ቢሆን በገዛ ገንዘቡ ያሻውን ያድርግ። ፊሊፕስ አይንድሆቨን ላይ በ1913 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሠራተኞቹ ክለብ ሲያቋቁም የማንም መብራት አልጎደለም። የሕዝብ ድርጅት ግን የሚያወጣው የሌላ ሰው ገንዘብ ነው። በሌላ ሰው ገንዘብ ደግ መሆን ደግነት ነው?

ይህ ክርክር ዛሬም ከባድ ነው ብዬ አምናለሁ። «ኳስ ደስታ ነው፣ ደስታም ያስፈልጋል» የሚለው መልስ አይበቃውም። ደስታው ለማን፣ ወጪው ከማን ነው የሚለውን አይመልስም።

የተሳሳትኩት ሌላ ቦታ ላይ ነው። «ይዘጋ» ያልኩት ባለቤት መዝጋት ይችላል ከሚል ሐሳብ ተነስቼ ነው። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ ነገሩ የገባኝም በሥራዬ በኩል ነው። የምንጽፈው ኮድ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ሪፖዚቶሪ የምንለው፣ «ኦውነር» አለው። ኦውነሩ ሙሉውን የማጥፋት ሥልጣን አለው። ሲስተሙ የሚጠይቀው የሪፖዚቶሪውን ስም መልሶ እንዲጽፍ ብቻ ነው። ከዚያ የስንት ሰው የስንት ዓመት ሥራ፣ ሌሎች ሰዎች ቤታቸውን የሠሩበት መሠረት፣ ድራሹ ይጠፋል። ሲስተሙ «ትችላለህ» ይላል እንጂ «ይገባሃል» አይልም። እኔ አምስት ኪሎ አምስት ዓመት ስማር ያስተማሩኝ የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለተኛውን ያስተማረኝ ሥራ ነው።

ክለብም እንደዚያው ነው። የቡድኑ ባለቤት በወረቀት ድርጅቱ ነው። ግን ክለቡን ክለብ ያደረገው በጀቱ ብቻ ነው? ትምህርቱን ትቶ ለሙከራ የመጣ ልጅ አለ። ጉልበቱ የተሰበረ ተከላካይ አለ። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ዝናብ እየመታው የጨፈረ የመስመር ሠራተኛ አለ። እነዚህ ሰዎች የሰጡት ነገር ሂሳብ መዝገብ ላይ የለም። ስለሌለ ግን አልተሰጠም ማለት አይደለም።

ንግድ ባንክን እንይ። በ2009 ከሊጉ ሲወርድ የወንዶቹ ቡድን ፈረሰ። ኋላ እንደገና ተቋቋመ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ በ2016 ሻምፒዮን ሆነ። ታሪኩ ደስ ይላል። ግን በመሀል ላይ ያሉትን ዓመታት አስቡ። ለእግር ኳስ ተጫዋች እነዚያ ዓመታት ግማሽ ዕድሜ ናቸው። ድርጅት ሐሳቡን ቢቀይር ነገ መመለስ ይችላል። የ28 ዓመት ተጫዋች ግን ተመልሶ 24 አይሆንም። የሴቶቹ ቡድን ደግሞ አልፈረሰም፤ ቆይቶ በ2017 ሞሮኮ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ኢትዮጵያን ወክሎ ተጫወተ። አንዱን ያኖረውም ሌላውን ያፈረሰውም የአንድ ባለቤት ውሳኔ ነው።

እንግዲህ ባለቤትነት የሚለው ቃል ለዚህ ነገር የሚበቃ አልመሰለኝም። የኛ ቋንቋ የተሻለ ቃል አለው፤ አደራ። አደራ የያዘ ሰው ንብረቱ በእጁ ነው፣ ግን የሱ አይደለም። አይበላውም፣ አይጥለውም። መሸከም ካቃተው ደግሞ ሜዳ ላይ ጥሎት አይሄድም፤ ለሚችል ያስረክባል።

የሚገርመኝ፣ በዚህ ቃል ሳየው የገጠሯ እናት ክርክርም የአባዬ ክርክርም አንድ ላይ መቆማቸው ነው። ድርጅቱ የሁለት አደራ ተሸካሚ ነው። የሷ ገንዘብ አደራ ነው፤ ስለዚህ ለክለቡ በዓመት ስንት እንደሚወጣ በግልጽ ሊነገራት ይገባል፣ ይብቃ የማለትም መብት አላት። ክለቡም አደራ ነው፤ ስለዚህ ይብቃ ከተባለ በአንድ ደብዳቤ አይገደልም። ጊዜ ይሰጠዋል፣ የሚረከበው ይፈለጋል። መንገዱ አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ ቡና ከቡና ገበያ መሥሪያ ቤት የተነሳ ክለብ ነው፤ ዛሬ ቡና ሲባል ግን ማንም መሥሪያ ቤት አይታየውም፣ የሚታየው ካታንጋው ሳይሆን ሕዝቡ ነው። ጀርመኖችም ጥቂት ክለቦችን ትተው በሌሎቹ ላይ የድምፅ ብልጫው በአባላት እጅ እንዲቆይ ሕግ አውጥተዋል።

«ተረካቢ ቢጠፋስ?» ትሉኝ ይሆናል። መብራት ኃይል የቡና ደጋፊ የለውም። እውነት ነው። ያኔ ይዘጋ እላለሁ፤ ግን ሂሳቡ ታይቶ፣ ሰዎቹ ተጠይቀው፣ ልጆቹ ሌላ ክለብ እስኪያገኙ ተጠብቆ። ውጤቱ ያው መዘጋት ቢሆንም ድርጊቱ አንድ አይደለም። ቀብርና መጣል አንድ አይደሉም።

በቀደም ይህን ሁሉ ለአባዬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «መጀመሪያውኑ እንዲህ ብትል ምን ነበረበት?» አለኝ። ቀጥሎም ያልጠበቅኩትን ነገር አለ። «እኔም እኮ ሴትየዋን አውቃታለሁ። መስመሩን ከጭንቅላቷ በላይ አሳልፈን ስንሄድ፣ ‹ለኛስ መቼ ነው?› ብላኛለች። ምን እንደምላት አላውቅም ነበር።»

ከዚያ ሬዲዮኑን ከፈተ።