በአንድ ሚዛን

በሜልበርን ከተማ፣ ሐበሻ በሚበዛበት በፉትስክሬይ ሰፈር፣ አንድ አባት ሁለት ልጆች ትቶ ሞተ። ወንዱ ታላቅ ነው፣ ሴቷ ታናሽ። አባትየው ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ነድቶ ያፈራው ሀብት ሁለት ነው፤ ዕዳው ተከፍሎ ያለቀ ቤት፣ ሌላው ደግሞ ከዕለት ገቢው እየቆነጠረ ለዓመታት የገዛው የቢኤችፒ ቢሊተን አክሲዮን። ቢኤችፒ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ሜልበርን ነው። ከምዕራብ አውስትራሊያ፣ ከፒልባራ ቀይ መሬት የብረት ማዕድን፣ ከቺሊው ኤስኮንዲዳ መዳብ እያወጣ ለዓለም የሚሸጥ ግዙፍ የማዕድን ድርጅት ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2011 ነበር። የአባታቸው አርባ እንደወጣ ታላቅየው እህቱን ጠርቶ አስቀመጣት።

«ቤቱን እኔ ልውሰድ፤ አክሲዮኑ ግን ሙሉ በሙሉ ላንቺ ይሁን። በዛሬ ዋጋ እኩል ናቸው። እንዲያውም የምትጠቀሚው አንቺ ነሽ» አላት።

ምክንያቱንም ደረደረ። ድርጅቱ በዚያ ዓመት 23.6 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር አትርፏል። የብረት ማዕድን በዓመቱ መጀመሪያ ላይ በቶን 190 ዶላር ግድም ደርሷል። ቻይና የሚቆፈርላትን ሁሉ ትገዛለች። «ትርፉ እንዲህ ከቀጠለ በዘጠኝ፣ ቢበዛ በአስር ዓመት የከፈልሽበትን ይመልስልሻል። ከዚህ የተሻለ ውርስ የት አለ?»

ሰውየው ውሸት አልተናገረም። የጠራው ቁጥር ሁሉ በጋዜጣ የወጣ ነው። ይህን ቀድሜ የምናገረው ነገሩ የክፉና የደግ ወንድም ታሪክ እንዳይመስል ነው። ሰው እውነተኛ ቁጥር ይዞ ሌላውን ሊጎዳ ይችላል፤ ራሱንም ጭምር።

እህትየው «ላስብበት ወንድም ጋሼ» ብላ ወጣች። የሄደችው የአባቷ ወዳጅ ወደነበሩ አንድ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው በወጣትነታቸው አዲስ አበባ፣ እህል በረንዳ ውስጥ ነጋዴ ነበሩ። እንግሊዝኛ ብዙም አይሆንላቸውም፤ የአክሲዮን ገበያ ደጃፍም ረግጠው አያውቁም። ነገር ግን ሱቅ ሊሸጥላቸው የሚመጣ ሰው የአንድ ዓመት መዝገብ ብቻ ይዞ ከመጣ መዝገቡን ሳይከፍቱ ይመልሱት እንደነበር የሚያውቋቸው ሁሉ ያወራሉ። «የአስሩን አምጣ» ይሉታል። የአስሩ ዓመት መዝገብ ሲመጣ ደግሞ ብሩን በቁጥሩ አያምኑትም። የየዓመቱ ትርፍ በዚያው ዓመት ስንት ኩንታል ጤፍ ይገዛ እንደነበር አስልተው፣ አሥሩንም ዓመት በጤፍ ደምረው፣ ለአስር ያካፍሉታል። በድርቅ ዓመት እህል ነጋዴ ያተርፋል፤ ያ ትርፍ ግን የዘመኑ እንጂ የሱቁ አይደለም፤ ይሉ ነበር።

ልጅቷ ነገሩን ስትነግራቸው «የአስሩ ዓመት መዝገብ አለሽ?» ነበር ያሏት።

በሳምንቱ የድርጅቱን ዓመታዊ ሪፖርቶች አትማ መጣች። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ባለመስመር ደብተር ከፈተች። ሽማግሌው ቡናቸውን ይዘው ከጎኗ ተቀመጡ። በግራ በኩል ዓመቱን፣ ቀጥሎ ትርፉን በቢሊዮን ዶላር ጻፈች። 2002፣ 1.7። 2003፣ 1.9። 2004፣ 3.4። 2005፣ 6.4። 2006፣ 10.5። 2007፣ 13.4። 2008፣ 15.4። 2009 ላይ ዓለም በገንዘብ ቀውስ ስትናጥ ወደ 5.9 ወረደ። 2010፣ 12.7። ከዚያ 2011፣ 23.6።

«አሁን ጤፉን አምጪ» አሏት።

ጤፉ የአሜሪካ የሸቀጦች ዋጋ መለኪያ ነው፤ ድርጅቱ ሂሳቡን የሚያሳውቀው በአሜሪካ ዶላር ስለሆነ። በ2002 በአንድ ዶላር ይገዛ የነበረውን ዕቃ በ2011 ለመግዛት አንድ ዶላር ከሃያ አምስት ሳንቲም ግድም ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ የ2002ቱ 1.7 ወደ 2.1 አደገ። የ2005ቱ 6.4 ወደ 7.4 አደገ። እያንዳንዱ ዓመት እንዲህ ወደ 2011 ዶላር ተመልሶ ሲደመርና ለአስር ሲካፈል አማካዩ አስር ቢሊዮን ገደማ ሆነ።

ገበያው በዚያን ጊዜ ለመላው ድርጅት የሰጠው ዋጋ ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ልጅቷ አካፍላ ቀና አለች።

«ከሃያ ዓመት በላይ ነው፤ ወንድም ጋሼ ዘጠኝና አስር ነበር ያለኝ። ዋሸኝ ማለት ነው አባባ?»

«አልዋሸሽም ልጄ። የመዘነው በደግ ዓመት ቁና ነው።»

ሽማግሌው ይህን ያገኙት ከመጽሐፍ አይደለም፤ መጽሐፉ ግን አለ። ቤንጃሚን ግሬሃምና ዴቪድ ዶድ በ1934፣ አሜሪካ ከታላቁ የገበያ ውድቀት ገና ሳታገግም፣ የአንድ ዓመት ትርፍ አይታመንም፤ ከአምስት ዓመት ያላነሰ፣ ቢቻል የሰባት ወይም የአስር ዓመት አማካይ ውሰዱ ብለው ጽፈዋል። በ1988 ደግሞ ጆን ካምቤልና ሮበርት ሺለር ትርፉ በዋጋ ንረት ተስተካክሎ የአስር ዓመት አማካይ ሲወሰድ ስለ ወደፊቱ ምን እንደሚናገር መረመሩ። ሺለር በ2013 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ምሁራን አንዱ ሆነ። ካምቤልና ሺለር ግን የመዘኑት መላውን ገበያ ነው። በአንድ ድርጅት ላይ፣ ያውም መሬት እየቆፈረ በሚኖር ላይ፣ መለኪያው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥንቃቄው በኋላ ይመጣል።

ክፍፍሉን ለመዳኘት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ደብተሩ በሁሉም ፊት ተነበበ። ታላቅየው ሰምቶ «ዋጋውን እኔ አላወጣሁት፤ ገበያው ያወጣው ነው» አለ።

«እውነትህን ነው» አሉት የእህል በረንዳው ሰው። «እንግዲያው አንተ አክሲዮኑን ውሰድ፤ እሷ ቤቱን ትውሰድ። እኩል ናቸው ብለህ የለ?»

ዝም አለ።

ከዚያ ወዲያ ብዙ አልተነገረም። ቤቱም አክሲዮኑም እኩል ለሁለት ተከፈለ። እህትየው ከድርሻዋ ግማሹን በዚያው ዓመት ሸጠች፤ ግማሹን አስቀረች። ታላቅየው ግን ነገሩ ከነከነው። ልክ መሆኑን ለማሳየት ሲል አክሲዮኑን አስይዞ ተበደረና ተጨማሪ ገዛ።

ዘመኑ ዞረ። 2015 ሲያልቅ የብረት ማዕድን በቶን ከ40 ዶላር በታች ወረደ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ፣ ቢኤችፒ ከብራዚሉ ቫሌ ጋር እኩል የሚጋራው የሳማርኮ ማዕድን የዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ 19 ሰዎች ሞቱ። አንድ መንደር በጭቃ ተዋጠ፤ ወንዙ እስከ ባሕሩ ድረስ ደፈረሰ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የአስር ዓመት አማካይ ክፉውን ዓመት ከደጉ ጋር ያስታርቃል፤ የእነዚህን ሰዎች ሞት ግን የሚያካክስ አማካይ የለም። የማዕድን አክሲዮን የያዘ ሰው ይህን ከሂሳቡ ጎን ሊጽፈው ይገባል።

በ2016 መጀመሪያ፣ በ2011 ከ45 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው አክሲዮን ከ15 በታች ገባ። የካቲት ላይ ድርጅቱ የመንፈቁን የትርፍ ክፍያ ከ62 የአሜሪካ ሳንቲም ወደ 16 ቆረጠው። አበዳሪው ታላቅየውን ወጠረው፤ መያዣው ከዕዳው በታች እየወረደ ነው፣ ገንዘብ ጨምር ወይም እንሸጠዋለን አለው። ሰውየው በሌሊት እህቱ ቤት መጣ።

«ሁሉንም ልሸጥ ነው። ይሄ ድርጅት አልቆለታል። ገንዘብ ካለሽ አንቺው ግዢኝ፤ ለባዕድ ከሚሄድ» አላት።

ገንዘብ አላት፤ በ2011 የሸጠችው ባንክ ተቀምጧል። እሱ ሲወጣ ደብተሩን አወጣች። ከ2006 እስከ 2015 ያለውን ጻፈች፤ ወደ 2015 ዶላር መለሰችው፤ አካፈለችው። አማካዩ 13 ቢሊዮን ወጣ። የድርጅቱ የገበያ ዋጋ ግን ከ60 ቢሊዮን በታች ወርዷል። አምስት ዓመት እንኳ አይሞላም! በነጋታው ወደ ሽማግሌው ስትገሰግስ ፊቷ በርቶ ነበር።

ሽማግሌው ደብተሩን አስነብበው እስከ መጨረሻው ሰሙና መጠየቅ ጀመሩ።

«እነዚህ አስር ዓመታት ምን ዓይነት ዓመታት ናቸው?»

አሰበችበት። ቻይና በ2000 ወደ 130 ሚሊዮን ቶን ብረት ታመርት ነበር፤ በ2015 ወደ 800 ሚሊዮን። በደብተሩ ያሉት ዓመታት ከሞላ ጎደል የዚያ ጥማት ዓመታት ናቸው። በ2002 እኮ ትርፉ ሁለት ቢሊዮን አይሞላም ነበር።

«አስሩም ደግ ከሆኑ አስር ዓመት ቆጠርሽ አይባልም። ሲሶውን ቀንሺ» አሏት። ቀነሰች፤ ዘጠኝ ቢሊዮን ሆነ።

«በ2015 ከድርጅቱ ተቆርጦ የወጣ ክፍል አለ ብለሽኝ አልነበር?» አሏት። ግንቦት ላይ ሳውዝ32 በሚል ስም ተለይቶ ራሱን ችሏል። የእሱ ማዕድናት ትርፍ በድሮዎቹ ዓመታት ውስጥ ተቆጥሯል፤ ማዕድናቱ ግን አሁን የድርጅቱ አይደሉም። ሲሶው ለዚህም ጭምር ነው አሉ።

«ዕዳውስ?» የተጣራ ዕዳው ከ25 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። «የገበያው ዋጋ ላይ ደምሪው። ዕዳ ያለበት ሱቅ ስትገዢ ዕዳውንም መግዛትሽ ነው። አማካዩ እስኪመለስ በሕይወት ካልቆየ አማካዩ ምን ያደርግልሻል?»

«ደግ ዓመት ያገኘውንስ ምን አደረገበት?» እዚህ ላይ ልጅቷ ድምጿ ቀነሰ። ድርጅቱ በዚያው በ2011 ወደ 12 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ ፔትሮሃውክ የሚባል የአሜሪካ ጋዝና ነዳጅ ኩባንያ ገዝቶ ነበር፤ አሁን ከዚያ ሀብት ብዙ ቢሊዮኑን ከመዝገብ እየሰረዘ ነበር።

«ማዕድን እንደ እርሻ አይደለም፤ የተቆፈረው በዓመቱ አይበቅልም። ከትርፉ አዲስ ጉድጓድ ካልተከፈተበት፣ ወይም ለባለቤቱ ካልተከፈለ፣ ትርፍ ተብሎ የተጻፈው ግማሹ ትርፍ አይደለም።»

ይህ ሁሉ ተቀንሶ፣ ተደምሮ፣ ወደ አስር ዓመት ግድም ሆነ። ርካሽ ነው፤ መጀመሪያ የመሰላትን ያህል ግን አይደለም። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ልግዛው አባባ?»

«ለወንድምሽ አንብበሽለታል?»

መልስ አጣች።

«ያን ጊዜ ደብተሩ አንቺን ሲጠብቅሽ በሽማግሌ ፊት ይነበብ አልሽ። ዛሬ እሱን ሲጠብቀው በቦርሳሽ ልትይዢው ነው? በእህል በረንዳ ሁለት ቁና የሚይዝ ነጋዴ ነበር፤ የሚገዛበት ትልቅ፣ የሚሸጥበት ትንሽ። አንቺ አንድ ደብተር ይዘሽ ሁለት ቁና አታድርጊው።»

በዚያው ምሽት ወንድሟ ቤት ሄደች። ከ2002 ጀምራ አነበበችለት። ሲሶው ለምን እንደሚቀነስ፣ ዕዳው ለምን እንደሚደመር፣ ስለ ግድቡም፣ ስለ ጋዙም ነገረችው። ደስ የሚያሰኘውን ብቻ መርጣ አላነበበችለትም፤ ይህን ማድረግ ከባድ ነው፤ የሚገዛ ሰው ክፉውን፣ የሚያጽናና ሰው ደጉን ማጉላት ይቀናዋል። እሱ በረጅሙ ተንፍሶ «ልክ እንደ ያኔው ነው የለካሽው?» ብሎ ጠየቃት። «ልክ እንደ ያኔው» አለችው።

ሁሉንም አልሸጠም። ብድሩን የሚዘጋለትን ያህል ብቻ ሸጠ፤ የቀረውን ያዘ። እህትየውም የምትፈልገውን በዚያው ሰሞን ገዛች፤ ከእጁ ሳይሆን በደላላ በኩል፣ ማንም በሚገዛበት የዕለቱ ዋጋ።

ነሐሴ ላይ ድርጅቱ የዓመቱን ሂሳብ አሳወቀ፤ 6.4 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ። በታሪኩ እንዲህ ያለ ኪሳራ አይቶ አያውቅም። ወንድምና እህት በሽማግሌው ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰቡ። 2006 ከደብተሩ ወጣ፤ 2016 ከነመቀነሻው ገባ። ታላቅየው ራሱ ደመረ፤ ሁሉንም ወደ 2016 ዶላር መለሰው፤ ለአስር አካፈለው። 11 ቢሊዮን ተኩል። ቆም አለና የ2011ዱን አማካይ በ2016 ዶላር አሰላው፤ አስራ አንድ አይሞላም። ከምርጡ ዓመት በኋላ የወጣው አማካይ፣ ከመጥፎው ዓመት በኋላ ከወጣው ያንሳል። ተሳስቻለሁ ብሎ እንደገና ደመረ፤ ያው ወጣ።

«ስንት ሆነ?» አሉ ሽማግሌው።

«አስራ አንድ ተኩል አባባ።»

«ሲሶውን ቀንስ» አሉት። «ዕዳውንም ደምር።»