ሥራህ ምንድን ነው?

«ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለውን ያህል በቀላሉ የሚጠየቅ፣ የዚያኑ ያህል ሰውን የሚመዝን ጥያቄ ያለ አይመስለኝም። መልሱ ሲሰማ ወንበር የሚሳብለት አለ፤ ከበር የሚመለስም አለ። እንግዲህ ሚዛኑን ከመቀበላችን በፊት ቃሉን ራሱን ብንመዝነው ምን ይመስላል?

እንግሊዞች «ጆብ» የሚሉት ቃል ምንጩ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ16ኛው መቶ ዘመን ግን ቁራጭ ሥራን፣ ማለትም ተሠርቶ የሚያልቅ አንድ ጉዳይን ያመለክት ነበር። ቋሚ፣ ደመወዝ ያለው ሥራ የሚለውን ትርጉም ያገኘው ቆይቶ ነው።

የእኛ «ሥራ» ዘሩ ሌላ ነው። «ሠራ» ከግእዙ «ሠርዐ» ይወለዳል፤ አሰናዳ፣ ደነገገ፣ በተራ በተራው አቆመ ማለት ነው። «ሥርዐት»ም የዚሁ ልጅ ነው። በዚህ አተረጓጎም ሠራ የሚባለው የተዘበራረቀውን መልክ መልኩን ያስያዘ ሰው ነው። ደመወዝ እዚህ ውስጥ የለም።

ሌላው የግእዝ ቃል «ገብረ» ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ከዚህ አንድ ግንድ ገበሬ፣ ገባር፣ ግብር፣ ተግባርና ግብረ ገብ በቅለዋል፤ አገልጋይ ወይም ባሪያ ማለት የሆነው «ገብር»ም እንዲሁ። የሚያርሰው፣ የሚገዛውና የሚከፍለው ከመልካም ጠባይ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ኑሯችን ግን ዝምድናውን ሲክድ ኖሯል፤ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው በእጃቸው ሥራ ሲሰደቡ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ስድቡ ባይበዛ አዋጅ ባላስፈለገም ነበር።

ዛሬ ስድቡ መልኩን ቀይሯል። በጌጃ ሰፈር ከማውቃቸው እናቶች አንዷ፣ ለምዝገባ የመጣ ልጅ «ሥራዎ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ኧረ ሥራስ የለኝም» አሉት። እሱም እንዳሉት ጻፈ። ከንጋት ጀምሮ ጭስ ውስጥ ቆመው ይጋግራሉ፤ ያጥባሉ፤ የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ፤ ለቅሶ ቤት ሲሆን ወጥ ሠሪዋ እሳቸው ናቸው። ይህንኑ ሁሉ በሰው ቤት በገንዘብ የምትሠራዋን ግን «ሠራተኛ» እንላታለን። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የወር ደመወዝ ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ «ምስጋና ሆድ አይሞላም» ትለኝ ይሆናል። እውነትህን ነው። ዲግሪውን ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚውለውን ወጣት «አይዞህ፣ መኖርም ሥራ ነው» ማለት ማፌዝ ነው። እሱ የጎደለው እንጀራ ነው፤ የሥራ ሌላው ስሙም እንጀራ መሆኑን «እንጀራ ፍለጋ ወጣ» ስንል እንመሰክራለን።

ጥፋቱ ያለው ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ማድረጋችን ላይ ይመስለኛል። «በምን ትተዳደራለህ?» የእንጀራ ጥያቄ ነው፤ የሚመለከተውም ሰውዬውን ብቻ ሳይሆን አገርንና መንግሥትንም ነው። «ሥራህ ምንድን ነው?» ግን በአንተ እጅ ምን መልክ ያዘ ማለት ነው። ደመወዝተኛ ሆኖ ለዚህኛው መልስ የሌለው ሞልቷል፤ ደመወዝ ሳይኖረው መልሱ የማያልቅበትም እንዲሁ። አባቶቻችን «ሥራህ ያውጣህ» ሲሉ የደመወዝ ወረቀት አይጠይቁም ነበር።