የሰው ፊትና የነጠላ ዋጋ

የጳጉሜን ገበያ የራሱ ጠባይ አለው። ዝናቡ ገና አልጠፋም፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ በየቦዩ ይጮኻል። በዚህ ጊዜ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣ ሰው ግን ጭቃውን እየረገጠ ነጭ ልብስ ለመግዛት የሚጋፋ ሕዝብ ያገኛል። በየሱቁ ደጃፍ ነጠላው ተዘርግቷል፤ ቀሚሱ ተሰቅሏል፤ ሻሹ፣ ድሪው፣ ጉትቻው፣ የልጃገረዶቹ አምባር በየመደርደሪያው ይብለጨለጫል። ወደ መርካቶ የወረደው ደግሞ ዶሮውን፣ ቅቤውን፣ በርበሬውን፣ ጌሾውን፣ ወለል ላይ የሚጎዘጎዘውን ቄጤማ ሳይቀር ሲያማርጥ ይውላል። የበቆሎ እሸት በየመንገዱ ዳር በከሰል ይጠበሳል። ለወራት ሳንቲም በሳንቲም የተጠራቀመ ገንዘብ በእነዚህ አምስት ወይም ስድስት ቀናት ውስጥ ከእጅ ይወጣል።

ስለዚህ ወጪ በየዓመቱ የሚነሣው ክርክር አዲስ አይደለም። አንደኛው ወገን «ድሀ ምን ጌጥ ያሻዋል?» ይላል፤ ሌላው «በዓል በዓል ነው» ብሎ ይመልሳል። አንዱ ሌላውን ስለማይሰማ ሁለቱም ብዙ ሳይደክሙ ያሸነፉ ይመስላቸዋል። ከክርክሩ በስተጀርባ ያለው ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም፤ ይኸውም ለሰው ልጅ አስፈላጊ የሚባለው ነገር የት ላይ ያበቃል፣ ትርፍ የሚባለውስ ከየት ይጀምራል የሚለው ነው።

ጥያቄውን የሚያከብደው የወቅቱ ጠባይ ነው። የዘመን ቀመር አዋቂዎች መፀው ብለው የሚጠሩት ወቅት የሚገባው መስከረም 26 ቀን ነው፤ በሕዝቡ ስሜት ግን ክረምት የሚያበቃው መስከረም 1 ቀን ማለዳ፣ አደይ አበባ በየደጁ ሲታይ ነው። በዚያ ማለዳ ጎተራው ምን ይዟል? ጤፉ በሐምሌ ተዘርቶ ገና አረንጓዴ ነው፤ አጨዳው ከኅዳር በፊት አይደርስም። ያለፈው ዓመት እህል በክረምቱ ወራት ተሟጧል። ለእጅ የደረሰው የበቆሎ እሸት፣ ድንችና ጎመን፣ ቦታው ከፈቀደም የባቄላ እሸት ነው። አበባው እህሉን ቀድሞ ይመጣል። ስለሆነም የመስከረም ድግስ ገና ባልታጨደ መከር ላይ የሚጣል እምነት ነው። በጥር የሚገዛ ገበሬ ካለው ላይ ይገዛል፤ በጳጉሜን የሚገዛው ከሚጠብቀው ላይ ይገዛል። በደመወዝ የሚኖረው ከተሜም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነውና።

አንዲት እናት ለምሳሌ ትቅረብ። ስም አያስፈልጋትም፤ በየሰፈሩ አለች። በመቀነቷ የቋጠረችው ገንዘብ ለሦስት ነገር ይበቃል ብላ አስባ ከቤቷ ወጥታለች፤ ለልጇ ደብተርና የደንብ ልብስ፣ ለበዓሉ አንድ ዶሮ፣ ለዚያችው ልጅ ደግሞ ነጠላና ቀጭን የአንገት ጌጥ። ገበያው መሐል ስትደርስ ገንዘቡ ለሁለቱ ብቻ እንደሚበቃ ትረዳለች። ደብተሩን መተው አትችልም። ያለ ዶሮ በዓሉን ልታሳልፍ ትችላለች፤ ሽሮዋን ቅቤ ጣል አድርጋባት በሯን ብትዘጋ፣ በጓዳ የተበላውን ጎረቤት አይቆጥርም። ነጠላው ግን የሚለበሰው በደጅ ነው። ዶሮውን ትተዋለች።

ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው በዚህ ውሳኔ ይገረማል። ምግብ ትቶ ጌጥ መግዛት የማስተዋል ጉድለት ይመስለዋል። ሰው መጀመሪያ ይበላል፣ ቀጥሎ ይለብሳል፣ ከተረፈው ያጌጣል የሚለው መሰላል በወረቀት ላይ ያማረ ነው፤ ኑሮ ግን በዚህ መሰላል አይወጣም። የስኮትላንዱ ፈላስፋ አዳም ስሚዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1776 ባሳተመው፣ ስለ ሀገሮች ሀብት በሚያትተው መጽሐፉ ይህንኑ ነገር አንሥቶ ነበር። አስፈላጊ የሚባለው ሕይወትን ለማቆየት የግድ የሆነው ብቻ አይደለም፤ የሀገሩ ልማድ ዝቅተኛ የሚባለው ሰው እንኳ ካጣው እንዲያፍር የሚያደርገውም ጭምር ነው ይላል። ምሳሌው የተልባ እግር ሸሚዝ ነው። ግሪኮችና ሮማውያን ያለ እሱ ተመችቷቸው ኖረዋል፤ በስሚዝ ዘመን ግን በአብዛኛው አውሮፓ የቀን ሠራተኛ ያለዚያ ሸሚዝ በሰው ፊት መውጣት ያሳፍረው ነበር። ከስሚዝ ጋር በብዙ ነገር የማይስማማው ካርል ማርክስም በ1867 በወጣው የ«ካፒታል» መጀመሪያ ቅጽ የሠራተኛው ፍላጎት የሚለካበት ሚዛን ታሪካዊና ሞራላዊ ገጽታ እንዳለው ጽፏል። እንዲህ የተራራቁ ሁለት ሰዎች በዚህ ነጥብ ላይ መገናኘታቸው ልብ ሊባል ይገባዋል።

አማርኛው ነገሩን በአራት ቃላት ጨርሶታል፤ የሰው ፊት እሳት ነው። አባባሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው እጁን ለልመና ለሚዘረጋ ሰው ነው፤ ምንም ሳይለምን በሰው መሐል ማለፍ ብቻ ለሚፈልገውም ግን ይሠራል። መስከረም 1 ቀን ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው፣ ከበሮ እየመቱ በየደጁ ይዘፍናሉ፤ ወንዶቹ ልጆች በቀለም ያጌጠ ሥዕላቸውን ያዞራሉ። ነጠላ የሌላትን ልጅ ከጭፈራው የሚያግዳት ሕግ የለም። ማንም ተመለሺ አይላትም። እናቷ ግን ታውቃለች፤ ልጅቷ ሆዴን አመመኝ ብላ በመስኮት ጓደኞቿን ስታይ ትውላለች። ያ ቀን በዓመት አንዴ ይመጣል፤ አንዲት ልጅ አበባ ይዛ የምትዘፍንበት መስከረም ደግሞ በዕድሜዋ ስንት ነው? ቢበዛ ሰባት ወይም ስምንት። እናት በነጠላው ዋጋ ለልጇ ከእኩዮቿ መሐል መቆሚያ ቦታ ገዛችላት። ይህን ብክነት ብሎ የሚጠራ ሰው መጀመሪያ ያንን መስኮት ይመልከት።

ይሁን እንጂ ለጌጥ የሚሰጠው ጥብቅና እዚህ ላይ ችግር ይገጥመዋል። መቆሚያ ቦታ የሚሸጥ ከሆነ ዋጋው ይወጣል። ዘንድሮ አንዲት ባለጸጋ ለልጇ ሰፋ ያለ ጥለት ታሠራለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ያ ጥለት የሰፈሩ ሁሉ መለኪያ ይሆናል። የአምናው ነጠላ አልነተበም፣ አልተቀደደም፤ ሆኖም «የአምና» ተባለ። አሜሪካዊው ቶርስታይን ቬብለን ስለ ሥራ ፈት መደብ በጻፈውና በ1899 በታተመው መጽሐፉ ላይ ለታይታ የሚደረግ ወጪ ብሎ የፈከረው ይህን ነው። እናቲቱና ባለጸጋዋ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ጎን ለጎን ቆመው አንድ ዓይነት ዕቃ ሲጠይቁ ባለሱቁ ልዩነታቸውን አያይም። አንዷ ከሰው ጋር እኩል ለመቆም ትገዛለች፤ ሌላይቱ ሌላ ሰው እኩሏ እንዳይቆም ትገዛለች። የሁለተኛይቱ ግዥ የመጀመሪያይቱን ዋጋ በየዓመቱ ያስወድዳል፤ በደሉም ያለው እዚህ ላይ ነው።

የቀድሞ ሰዎች ጌጥ ቢያንስ አንድ ማስተዛዘኛ ነበረው። ከየት ተመትቶ ቢወጣ 1780 የሚል ዓመት የሚታተምበት የማርያ ቴሬዛ ብር ቀልጦ መስቀል፣ አልቦ፣ ድሪ ይሆን ነበር። ዘመን ሲከፋ ከአንገት ወርዶ ይሸጣል፤ ጌጥም ተቀማጭም ነበር። ዛሬ በየመደርደሪያው የሚያብለጨልጨው ቅብ ግን የገዛችው ሴት ከሱቁ እንደ ወጣች ዋጋው አብሯት አይወጣም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሕዝቡ የድግሱን ምግብ ሸክም የሚካፈልበት ዘዴ ከጥንት አለው። ጎረቤት ከጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል፤ ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፈላል። በጉራጌ ሀገር ሴቶች ለመስቀል ቅቤ በየተራ እየሰጡ ያጠራቅማሉ፤ የአንዷ ላም ብትነጥፍ እንኳ መስከረም 17 ቀን ክትፎው ያለ ቅቤ አይቀርም። ለሥጋ ቅርጫ አለ፤ ለነጠላ ቅርጫ የለም። ረኀቡን በጋራ የተሸከመ ሰፈር ኃፍረቱን ለእያንዳንዷ እናት ብቻዋን ትቶላታል። ይህ ለምን እንደ ሆነ ብዙ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ምናልባት ረኀብ ሲነገር ኃፍረት ግን ስለማይነገር ይሆናል።

ከገዢዋ ማዶ የተቀመጠ ሌላ ሰው አለ። የሽሮ ሜዳ ገበያ በብዛት ከጋሞ ደጋ በመጡ ሸማኔዎች እጅ የቆመ ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ፣ ከድሩ ፊት ተቀምጦ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያመላልስ ይውላል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ሥራው ይዘገያል፤ የቀለሙ ክር በጣት እየተቆጠረ ይገባል። ኅብረተሰቡ ይህን ሙያ እየለበሰው ሲንቀው ኖሯል፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገር እስኪያስፈልጋቸው ድረስ። ስድቡ በአዋጅ አልጠፋም። ዛሬ ደግሞ ከእሱ ሥራ አጠገብ ሌላ ነገር ተሰቅሏል፤ ከውጭ የገባ፣ በፋብሪካ የታተመ፣ ከሩቅ ሲያዩት ጥበብ የሚመስል ጨርቅ። ዋጋው በእጅጉ ያንሳል።

እናቲቱ በሁለቱ መሐል ቆማለች። በእጅ የተሠራው ነጠላ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ለበዓል ይለበሳል፣ ለቤተ ክርስቲያን ይጣፋል፣ ሐዘን ሲመጣም ጥለቱ ከታች ወደ ላይ ተገልብጦ ፊት አጠገብ ይውልና ያለ ቃል ይናገራል። በዓመታት ሲሰላ ርካሹ እሱ ነው። በዓመታት ማስላት የሚችለው ግን የዓመታት ገንዘብ በእጁ ያለው ሰው ነው። እሷ ያላት የዛሬ ገንዘብ ነው። የታተመውን ብትይዝ ባህል ገደለች የሚላት አይጠፋም፤ ባህልን የመጠበቂያው ዕዳ ከሁሉ አስቀድሞ ከሁሉ ያነሰ ካላት ሴት የሚጠየቅበት ምክንያት ግን ግልጽ አይደለም። ይህም ሆኖ ንጹሕ ናት ማለት አይደለም። የእሷን የመሰለ ምርጫ በሺህ ሲባዛ አንድ የሸማኔ ጉድጓድ ይደፈናል፤ ይህንን እሷም ከሻጩ ጋር ስትከራከር፣ ነጠላውን በጣቶቿ እየዳበሰች፣ ታውቀዋለች።

ጳጉሜን 5 ቀን ወደ ማምሻው ገበያው ሲሳሳ፣ ከሸማኔዎቹ አንዱ ያልተሸጠለትን ነጠላ አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ከቤቱ ይወርዳል። እሱም ሴት ልጅ አለችው፤ ነገ ከጓደኞቿ ጋር ትዘፍናለች። በብብቱ የያዘውን ቢሰጣት የመስከረምን የቤት ኪራይ ሰጣት ማለት ነው። የታተመው ጨርቅ ከተሰቀለበት ሱቅ ፊት ቆም ይልና ዋጋውን ይጠይቃል።