አምፕሊፋየር ልትጨምሩ ላሰባችሁ

ልጆቼ፣ የቤታችሁ ስቴሪዮ ድምፅ አልጥም ብሏችሁ ጉልበት ያለው አምፕሊፋየር ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ሐሳባችሁን እደግፋለሁ። ትልቅ አምፕሊፋየር የሚገዛው ለማስጮህ ብቻ አይደለም። ከበሮው ድንገት ሲመታ ለዚያች ቅጽበት የሚሆን ትርፍ ጉልበት ስላለው ዘፋኙን ሳይጫን ምቱን ያሳልፈዋል።

ነገር ግን በካርቶን ላይ በተጻፈ ቁጥር አትታለሉ። ፒኤምፒኦ ተብሎ የሚጻፈውን በሺህ የሚቆጠር ዋት እለፉትና አርኤምኤስ የሚለውን ፈልጉ። ባለ 50 ዋቱን በባለ 100 ብትለውጡ የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮ «ትንሽ ከፍ አለ» ይላል እንጂ እጥፍ ሆነ አይልም። እጥፍ መስሎ እንዲሰማ ዋቱ ዐሥር እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ስለዚህ ከ50 ወደ 70 ለመሄድ ብላችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ። በ1 ዋት 90 ዴሲቤል የሚያወጣ ስፒከር፣ 84 የሚያወጣው የሚፈልገውን ጉልበት ሩብ ብቻ ነው የሚጠይቀው። አንዳንድ ጊዜ መለወጥ ያለበት ስፒከሩ ነው።

ችግሩ የት እንዳለ ለማወቅ በገና ክፈቱ። የበገና ንዝረት የራሱ ነው፤ በአውታሩና በመቀመጫው መካከል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ ይመጣል። ቮልዩሙን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ንዝረቱ መልኩን ሳይለውጥ ካደገ አምፕሊፋየራችሁ ገና አቅም አለው። የደርዳሪው ድምፅ ከሻከረና ወፍራሙ አውታር በተነካ ቁጥር ዜማው ከተጨፈለቀ ግን አቅሙ አልቋል። ያን ጊዜ ወዲያው ዝቅ አድርጉት። ስፒከር የሚያቃጥል ትልቅ አምፕሊፋየር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አቅሙ ያለቀ ትንሽ አምፕሊፋየርም የድምፁን ሞገድ ጫፍ እየቆረጠ ትዊተሩን፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሹን ስፒከር፣ ይፈጃል።

ከመግዛታችሁ በፊት ስፒከሮቹን ከቡፌው ውስጥ አውጧቸው፤ ይህን አደራ እላለሁ። ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጋችሁ፣ ትዊተሩ ተቀምጣችሁ በምታዳምጡበት ጆሮ ልክ ይሁን። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ምንጣፍ ጣሉበት። ወንበሩን እየቀያየራችሁ አዳምጡ። ብዙ ቤት ችግሩ በዚህ ይቃለላል፣ ያለ ምንም ወጪ።

ካልበቃ ግዙ። ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ፤ የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው። መቀየሪያ ከሌለው፣ አምፕሊፋየሩ ከሚወስደው በላይ መሸከም የሚችል ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ስፒከራችሁ 4 ኦም ከሆነ ደግሞ አምፕሊፋየሩ 4 ኦም እንደሚችል አረጋግጡ።

አሮጌው መሣሪያችሁ ከኋላው «ፕሪ አውት» የሚል ቀዳዳ ካለው አትጣሉት፤ ከዚያ ወደ አዲሱ አምፕሊፋየር መግቢያ በአርሲኤ ገመድ አገናኙት። የስፒከሩን መውጫ ግን በፍጹም ወደዚያ መግቢያ አታስገቡ። ገመድ ስትሰኩ ሁሉም ይጥፋ። ስትከፍቱ አምፕሊፋየሩ መጨረሻ፣ ስትዘጉ መጀመሪያ ይሁን፤ ካልሆነ የሌላው መሣሪያ ብልጭታ ቧ ብሎ ስፒከሩ ላይ ያርፋል።